የግድግዳ ቀለም መጨረሻ ላይ ይመረጣል

አዲስ ቤት የተረከበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠራው ቀለም ቀቢ ነው። ግድግዳው ስቱኮ ይመታል፣ ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ይቀባል። ቀጥሎ ወለሉ ይነጠፋል፣ በሩ ይገጠማል፤ በመጨረሻ ቡፌውና ቁም ሳጥኑ በሰው ትከሻ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ዕቃው ገብቶ ሲያልቅ ታዲያ ሱቅ ውስጥ ለብቻው ያማረ የነበረው ሁሉ አብሮ ሲቆም ይጣላል። ክሬሙ የቆሸሸ ይመስላል፣ የዋንዛው ቡፌ ብርቱካን ብርቱካን ይላል፣ ነጭ ነው ተብሎ የተገዛው ሴራሚክ ሮዝ ሆኖ ይገኛል። «ቀለሙን አበላሽቶ በጥብጦት ነው» ይባልና ቀቢው ይወቀሳል። ቀቢው ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋት የለበትም። የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው።

ሴራሚክ አንዴ ከተለጠፈ በመዶሻ ካልተፈለጠ አይነሳም። የእንጨት ዕቃም ቢሆን ገበያው ካቀረበልን አራት አምስት ዓይነት ቡናማ ውስጥ የምንመርጠው እንጂ እንደ ልባችን የምናዘው አይደለም። የግድግዳ ቀለም ግን መበጥበጫ ማሽን ያለው ሱቅ ከተሄደ በሺህ የሚቆጠር ዓይነት አለው፤ ካልተወደደም በሁለት ቀን በሌላ ይሸፈናል። እንግዲህ የማይለወጠው ቀድሞ ይወሰን፣ በቀላሉ የሚለወጠው ይከተለው። ቤቱን ገና እያስጨረሰ ያለ ሰው ግድግዳውን በነጭ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት በሚቀባው መነሻ) ብቻ አስቀብቶ ቢያቆይና የመጨረሻውን ቀለም ወለሉና እንጨቱ ከገቡ በኋላ ቢመርጥ ይሻለዋል። ቀቢዎች ይህን አይወዱትም፤ ወለሉን ፕላስቲክ ማልበሱ፣ ዕቃውን መሸፈኑ ሥራ ያበዛባቸዋል። ትንሽ ጨመር አድርጎ መክፈል ነው።

ቡናማ ሁሉ አንድ አይደለም

ቡናማ የምንለው ነገር ሲጠና የጨለመ ብርቱካናማ ነው። አንዱ ቡናማ ወደ ቢጫ ያዘነብላል፣ ሌላው ወደ ቀይ፣ ሌላው ወደ ግራጫ። እንጨትን ከወለልና ከግድግዳ የሚያስማማው ወይም የሚያጣላው ይህ ከሥር ያለው ዝንባሌ ነው። የላይኛው ጥቁረትና ንጣት የራሱ ጉዳይ አለው፤ እሱን ለብቻው እናየዋለን።

የምናውቃቸውን እንጨቶች በዚህ ዓይን እንያቸው። ዝግባ ቢጫማ ነው፤ ገጹ ለስላሳ፣ መስመሩ ብዙም የማይታይ፣ ቀለል ያለ እንጨት። ቀረሮ ፈዛዛ ሆኖ ትንሽ ሮዝ ይነካዋል። ዋንዛ ገና ሲላግ ሮዝማ ቡናማ ነው፤ ውሎ ሲያድር ብርሃን እየጠጣ ይጠቁራል፣ ቫርኒሽ ሲነካው ደግሞ ወደ ወርቃማና ብርቱካናማ ይሄዳል። ጥድ ቀይ ነው፤ ከዳር በኩል ያለው ነጭ ክፍል ካልተወገደ በአንድ ጣውላ ላይ ሁለት ቀለም ጎን ለጎን ይታያል። ኮሶ ከጥድም በላይ ደማቅ ቀይ ሊሆን ይችላል። ወይራ የጠቆረ፣ ማዕበል የመሰለ መስመር ያለው ከባድ እንጨት ነው። ከዚህ ውጭ ያለው፣ የዛሬውን ገበያ የሞላው ማለት ነው፣ እንጨት ሳይሆን የእንጨት ሥዕል የታተመበት ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ) ነው፦ ከቱርክና ከቻይና የሚመጣ ዋልነት፣ ኦክ፣ ግራጫ ኦክ።

በነገራችን ላይ ከወላጅ የወረደ የዋንዛ ቡፌ ያለው ሰው «ከአዲሱ ወለል ጋር አልሄደም» ብሎ ለመሸጥ ባይቸኩል ጥሩ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ወፍራም ጣውላ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። አልሄደም የተባለውም አብዛኛውን ጊዜ በግድግዳው ምክንያት ነው።

ዝንባሌውን ለማወቅ የባለሙያ ዓይን አያስፈልግም። አንድ ነጭ የኤ4 ወረቀት መሀሉ ላይ ቴምብር የሚያህል ቀዳዳ ቅደዱለት። ቀን፣ መብራት ጠፍቶ፣ መስኮት አጠገብ ወረቀቱን እንጨቱ ላይ አስተኙትና በቀዳዳው ብቻ እዩ። ዕቃው ዕቃ መሆኑ ይቀርና የቀለም ነጥብ ብቻ ይሆናል። ቡፌ ሲታይ «ቡናማ» ብሎ የሚያልፈው ዓይን በቀዳዳው ሲያይ «ይሄማ ቀይ ነው» ይላል። ያንኑ ወረቀት ሴራሚኩ ላይ አድርጉት፣ በሩ ላይ አድርጉት፣ የታዘባችሁትን በእርሳስ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጻፉ። በተለይ ነጭና ክሬም ነው የሚባል ሴራሚክ እዚህ ፈተና ላይ ይጋለጣል፤ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ የሎሚ ቢጫ ነክቶት ይገኛል። ይህን ፈተና ሱቅ ውስጥ ከመክፈላችሁ በፊት ብታደርጉት ደግሞ የበለጠ ነው። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

አጠገቡ የቆመው ቀለም

በ19ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ጎብላን በሚባለው የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ የነበረ ሚሼል ኤዥን ሸቭረል የሚባል ኬሚስት ነበር። ጥቁሩ ክር ጥቁር አይደለም፣ ደብዝዟል የሚል አቤቱታ ይመጣበታል። ማቅለሚያውን ቢመረምረው አንዳች እንከን የለበትም። ነገሩን ሲከታተል ችግሩ ክሩ ላይ ሳይሆን ከጎኑ በተሸመነው ሰማያዊና ሐምራዊ ክር ላይ ሆኖ አገኘው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቀለሞች አንዱ ሌላውን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። ሕጉን በ1839 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳተመው፤ እስከ ዛሬም ቤት የሚቀባ ሰው ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ይህ ሕግ ይሠራበታል።

ተቃራኒዎቹ ሦስት ጥንዶች ናቸው፦ ቀይና አረንጓዴ፣ ብርቱካናማና ሰማያዊ፣ ቢጫና ሐምራዊ። ቡና ሲፈላ በቀይ ሰም በተወለወለ የጣውላ ወለል ላይ ቄጠማ ሲጎዘጎዝ አረንጓዴው እንዴት ቦግ እንደሚል ማንም አይቶታል። ያው ቄጠማ በነጭ ሴራሚክ ላይ ያን ያህል አያምርም። ቄጠማው ያው ነው፤ የተለየው ከሥሩ ያለው ቀይ ነው። (ላሚኔት ያነጠፈ ሰው ግን እርጥብ ቄጠማ ከማስተኛቱ በፊት ከሥር አንድ ነገር ያንጥፍ። የላሚኔት ሆዱ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው፤ በመጋጠሚያው ውሃ ከገባ አብጦ ጠርዙ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ አይመለስም።)

አሁን ወደ ግራጫው ግድግዳ እንምጣ። በቅርብ ዓመታት ግራጫ የዘመናዊነት ምልክት ሆኖ ተወስዷል፤ ከሥዕልና ከቪዲዮ ላይ የምናያቸው ሳሎኖች ግራጫ ስለሆኑ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ የሚበጠበጠው ፈዛዛ ግራጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ሰማያዊ አለበት። ሰማያዊ የብርቱካናማ ተቃራኒ ነው። ወርቃማ ቫርኒሽ የተቀባ ዋንዛ አጠገቡ ሲቆም ብርቱካናማነቱ በእጥፍ ይጎላል። ሰው ታዲያ «ቫርኒሹ አበላሸው» ይልና እንጨቱን ሊያስፍቀው ይነሳል። ሰማያዊው ግራጫ ወደ ቡናማ በሚያደላ ግራጫ ቢተካ ኖሮ እንጨቱ በአንድ ጊዜ ይረጋ ነበር።

የክሬም ነገርም እንዲሁ ነው፣ ግን በተገላቢጦሽ። ግራጫ ላሚኔት ያነጠፈ ቤት ክሬም ግድግዳ ካለው፣ ቀዝቃዛው ግራጫ ክሬሙን ወደ ቢጫ ይገፋዋል። ውጤቱ ለዓመታት ጭስ የጠጣ ግድግዳ የሚመስል ነው፤ ትናንት የተቀባ ቢሆንም።

ይህ ሁሉ ማለት ግን ተቃራኒ ቀለም ክፉ ነው ማለት አይደለም። ጥያቄው እንጨቱ እንዲናገር ትፈልጋላችሁ ወይስ ዝም እንዲል የሚለው ነው። የጥድ ወይም የኮሶ ቀይ እንዲያምር የሚፈልግ ሰው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ይቀባ። ብዙ የቆዩ ቤቶች የጣውላ ወለላቸው ቀይ፣ ግድግዳቸው ውሃ አረንጓዴ የነበረው ሲታይ ያለ ነገር አልነበረም ያሰኛል። እንጨቱ እንዲረጋጋ የሚፈልግ ደግሞ ከእንጨቱ ጋር ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል፣ ግን በጣም የነጣ ቀለም ይምረጥ፦ ለቢጫ እንጨት የጥሬ ጥጥ ዓይነት ነጭ፣ ለቀይ እንጨት ትንሽ ቡናማ የነካው ነጭ። በኔ ግምት ለትንሽ ሳሎን ሁለተኛው መንገድ ያዋጣል። የመጀመሪያው ግን የሚያምር ቤት ያወጣል፣ ድፍረት ለሚያንሰው ሰው ባይሆንም።

ደግሞ «ነጭ ቀብቼ ልገላገል» የሚል አለ። ነጭ መገላገያ አይደለም። በረዶ የመሰለ ነጭ ከጠቆረ እንጨት ጋር ሲቆም ዓይን የሚቆርጥ ልዩነት ያመጣል፤ ከክሬም ሴራሚክ ጋር ሲቆም ደግሞ ሴራሚኩን አሮጌ ያስመስለዋል።

መቀራረብ ከመራራቅ ይብሳል

ሁሉም እንጨት አንድ ዓይነት መሆን አለበት የሚለው እምነት ብዙ ገንዘብ አስወጥቷል። በሩ ዋልነት ከሆነ ወለሉም ዋልነት፣ ቁም ሳጥኑም ዋልነት ተብሎ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። ከሦስት ፋብሪካ የመጡ ሦስት «ዋልነቶች» ግን በፍጹም አይመሳሰሉም፤ አንዱ ቀላ ይላል፣ አንዱ ሸክላ ይመስላል፣ አንዱ አመድ። ለመመሳሰል ሞክረው ያልተመሳሰሉ ነገሮች ናቸው ቤትን የተሳሳተ የሚያስመስሉት። ቁርጥ ብሎ የተለየ ግን ታስቦበት የተደረገ ይመስላል።

ስለዚህ እንጨቶቹ በዝንባሌ ይቀራረቡ፣ በንጣትና በጥቁረት ግን ይራራቁ። ወለሉ ነጣ ያለ ከሆነ ቡፌው መካከለኛ፣ ጠረጴዛው ጠቆር ያለ ቢሆን ሦስቱም ቦታቸውን ያውቃሉ። ይህን ለመለካት ስልካችሁ ይበቃል። ሳሎኑን ፎቶ አንሡና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። የሶፋው እግር ወለሉ ውስጥ ከጠፋ፣ ቡፌው ከበሩ ጋር አንድ ግራጫ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው እዚያ ነው። በቀለም የተለያየ የመሰለን ነገር ሁሉ በጥቁርና ነጭ ሲታይ አንድ ሆኖ ሲገኝ ያስገርማል።

ለዚሁ ጉዳይ ቀለም ሠሪዎች ከ0 እስከ 100 የሚሄድ ቁጥር አላቸው፤ የብርሃን ነጸብራቅ መጠን ይባላል። ብርሃንን ሁሉ የሚውጥ ጥቁር 0፣ ሁሉንም የሚመልስ ነጭ 100 ነው። የተለመደ የነጭ ግድግዳ ቀለም ከ80 በላይ ይሆናል። ጥሩ የቀለም ካርድ ይህ ቁጥር ከጀርባው ይጻፍበታል። ብሪታንያ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ሕንፃ የሚወጣው መመሪያ በወለልና በግድግዳ መካከል ቢያንስ 30 ነጥብ ልዩነት እንዲኖር ይመክራል፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ወለሉ የት አልቆ ግድግዳው የት እንደሚጀምር እንዲለይ። አያት ወይም አዛውንት እናት ያሉበት ቤት ይህን ቁጥር ከውበት ባሻገር ያስብበት። ክሬም ሴራሚክ፣ ክሬም ግድግዳ፣ ክሬም ዞኮሎ (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) ያለው ኮሪደር ለእነሱ አደገኛ ነው።

ወለሉና የጠረጴዛው እግር አንድ ዓይነት ሆኖ የተገዛ ከሆነም መሸጥ አያስፈልግም፤ መሀላቸው ምንጣፍ ይግባ። ሁለት ተመሳሳይ ነገሮች ካልተነካኩ ዓይን አያወዳድራቸውም። ሌላው፣ አንድ የእንጨት ዓይነት ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ከቆመ ባይተዋር ይመስላል። የዋንዛው ቡፌ ብቻውን ከሆነ አንድ የዋንዛ በርጩማ ወይም የፎቶ ፍሬም በሌላው ጥግ ብታስቀምጡለት ነገሩ ይለወጣል።

60፣ 30፣ 10 እየተባለ የሚነገረውን የቀለም ድርሻ (60 በመቶ ዋና ቀለም፣ 30 ሁለተኛ፣ 10 ማድመቂያ) ብዙም አታስቡበት። 4 በ5 ሜትር የሆነና ከፍታው 2.70 የሆነ ሳሎን ግድግዳው 48.6 ካሬ ነው፣ ወለሉ 20 ካሬ፣ ኮርኒሱ 20። ማንም ሳያሰላው ግድግዳው አብዛኛውን ድርሻ ይይዛል።

የአዲስ አበባ ብርሃን

እዚህ ላይ ከውጭ የተቀዳ ምክር በብዛት ይሳሳታል። «ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ስለሆነ ሞቅ ያለ ቀለም ቀቡት፣ ወደ ደቡብ የሚያየውን ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ» የሚለው ሕግ ለለንደን የተጻፈ ነው። ለንደን ላይ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ብትወጣ ነው፤ ያውም በደቡብ በኩል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በቀሪው ጊዜ በደቡብ ታልፋለች፣ ግን ታኅሣሥም ላይ ቢሆን ከአናት ብዙም ሳትርቅ። እኩለ ቀን ላይ እንዲህ ከፍ ብላ የምትቆም ፀሐይ በመስኮት በኩል ጠልቃ አትገባም።

ስለዚህ እኛ ጋ ወሳኙ ምሥራቅና ምዕራብ ነው። የምሥራቅ መስኮት ጠዋት ዝቅ ያለችውን ፀሐይ ይቀበላል፣ ከሰዓት ግን የሰማይ ብርሃን ብቻ ይቀረዋል። ምዕራብ የሚያይ ሳሎን ቀኑን ፈዘዝ ብሎ ይውልና ከ10 ሰዓት በኋላ ይነዳል። ዋንዛው ይቀላል፣ ቢጫ ግድግዳ እንደ ቅቤ ይሆናል። እንግዲህ ምዕራብ ለሚያይ ሳሎን ቢጫ የበዛበት ክሬም አልመርጥም፤ ፀሐይዋ ራሷ ቢጫውን ታመጣለታለች። በክረምት ደግሞ ደመናው ሁሉንም መስኮት እኩል ግራጫ ያደርገዋል፤ በግንቦት የተመረጠ ቀዝቃዛ ቀለም በሐምሌ ያጨፈግጋል።

ዋሽንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ለምትኖሩት ግን ያ የሰሜንና የደቡብ ሕግ ይሠራል፤ 39 ዲግሪ አካባቢ ናችሁ፣ ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍላችሁ በብርዱ ወራት ቀጥታ ፀሐይ አያይም። የእናንተ ወለል ደግሞ በአብዛኛው ቀይ ኦክ ነው። ከሥሩ ሮዝ አለበት፣ የቆየ ዘይት ነክ ቫርኒሽ ካለው ላዩ ቢጫ ሆኗል። አከራይ የቀባው ቀዝቃዛ ነጭ ለዚህ ወለል አይመችም፤ መቀባት ካልተፈቀደላችሁ ትልቅ ምንጣፍና ሞቅ ያለ መብራት ግማሹን መንገድ ይወስዳችኋል።

ማታ ማታ ደግሞ ፀሐይዋ አምፖል ናት። የኤልኢዲ ካርቶን ላይ 3000፣ 4000 ወይም 6500 ኬልቪን የሚል ይነበባል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ቤታችን ውስጥ በብዛት የሚሰቀለው 6500 ነው፤ ደመቅ ያለ ስለሚመስል። እሱ ግን የእንጨትን ቀይና ወርቃማ ይገድለዋል፣ ክሬሙን አረንጓዴ ያስመታዋል። ለሳሎን 3000፣ ለማዕድ ቤት 4000 ቢሆን በቂ ነው። ሌላው ማየት ያለባችሁ ሲአርአይ የሚባለውን ነው፤ ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በእውነተኛ መልኩ እንደሚያሳይ ይነግራል። 80 ያስኬዳል፣ 90 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ ለእንጨት ቤት በጣም ጥሩ ነው። አምፖል መቀየር ቤት ከማስቀባት ሁሉ ስለሚረክስ፣ ቀለሙን ከመቀየራችሁ በፊት መጀመሪያ እሱን ሞክሩ። ሁለት ነገሮች በአንድ መብራት ሥር አንድ ዓይነት መስለው በሌላው ሥር የሚለያዩበት ጊዜም አለ፤ ሱቅ ውስጥ ከቡፌው ጋር «ልክ» የነበረው መጋረጃ ቤት ሲደርስ ሌላ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ሳሎን እንሥራ

ያንኑ 4 በ5 ሳሎን እንውሰድ። መስኮቱ ምዕራብ ያያል። ወለሉ 60 በ60 የሆነ አንጸባራቂ ክሬም ሴራሚክ ነው፤ በወረቀቱ ቀዳዳ ሲታይ ሮዝ ነክቶታል። ከወላጆች የመጣ የዋንዛ ቡፌ አለ፣ ወርቃማ ቀይ። በሩ ዋልነት የታተመበት የቱርክ በር ነው፣ ጠቆር ያለ፣ ትንሽ ወደ አመድማ የሚያደላ። ሶፋው ግራጫ ጨርቅ።

በጥቁርና ነጭ ፎቶ ሲታይ ወለሉ ነጭ፣ ቡፌው መካከል፣ በሩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ደህና ተራርቀዋል፤ በሩንና ቡፌውን ለማመሳሰል መድከም አያስፈልግም። አሁን ግድግዳ። ፈዛዛው ግራጫ ወድቋል፦ ሮዙን ሴራሚክ ያጎላዋል፣ ቡፌውንም ብርቱካን ያደርገዋል። ቢጫው ክሬም ወድቋል፦ ከሮዝ ወለል ጋር አይስማማም፣ አመሻሽ ላይም የምዕራብ ፀሐይ ታብስበታለች። የሚቀረው ከሥሩ ቀይ ቡናማ የነካው፣ ግን ከወለሉ የነጣ ነጭ ነው። ማሽን ያለው ሱቅ ሄዳችሁ «ነጭ፣ ትንሽ ቡናማ ጠብ ያለበት፣ ቢጫ የሌለው» ካላችሁ ካርዱን ያወጣላችኋል። የወለሉንና የግድግዳውን ልዩነት ዞኮሎ ያመጣዋል፤ እዚህ ቤት ዞኮሎውን ከበሩ ጋር ጠቆር አድርጌ አስገጥመዋለሁ።

ድፍረት ካለ ከቡፌው ጀርባ ያለውን ባለ 4 ሜትር ግድግዳ ብቻ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዓይነት አመድማ አረንጓዴ መቀባት ነው። የዋንዛው ቀይ በአንድ ጊዜ ብቅ ይላል፣ የሴራሚኩ ሮዝ ግን ሩቅ ስለሆነ ብዙም አይነሳም። በርና መስኮቱ ሲቀነስ የሚቀባው ግድግዳ ወደ 42 ካሬ ይሆናል። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም በአንድ እጅ ከ10 እስከ 12 ካሬ ስለሚሸፍን፣ ለሁለት እጅ በጠቅላላው 8 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ውስጥ ለአረንጓዴው ግድግዳ 2 ሊትር ይበቃዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ናሙና ሞክሩ። ግድግዳው ላይ ትንሽ ትንሽ ጭረት መቀባት ዋጋ የለውም፤ ከሥሩ ያለው አሮጌ ቀለም ዓይን ያታልላል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ካርቶን ነጭ ቀብታችሁ ሲደርቅ ናሙናውን ሁለት እጅ ቀቡበት፣ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ተዉለት። ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ስለሚጠቁር እርጥብ ሳለ አትፍረዱ። ካርቶኑን ከቡፌው ጀርባ አቁሙት፣ ወለሉ ላይ አስተኙት፣ ጠዋት እዩት፣ 11 ሰዓት ላይ እዩት፣ መብራት አብርታችሁ እዩት። አንጸባራቂ ሴራሚክ የራሱን ቀለም ወደ ግድግዳው ታችኛ ክፍል ስለሚረጭ፣ ካርቶኑ ወለል አጠገብ ሲቆምና ከፍ ሲል የተለያየ ሊመስል ይችላል።

ዛሬ የገጠመ ነገ ላይገጥም ይችላል

አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የፀሐይዋ ጨረር ኃይለኛ ነው፤ መጋረጃ ብቻ ሳይሆን እንጨትም ይለውጣል። ዋንዛ ይጠቁራል፣ ጥድ ይቀላል፣ ዘይት ነክ ቫርኒሽ ራሱ ዓመት ባለፈ ቁጥር ቢጫ ይሆናል። ውሃ ነክ ቫርኒሽ ግን ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ለዝግባና ለቀረሮ፣ ፈዛዛነታቸው እንዲቆይ ከተፈለገ፣ ሁለተኛው ነው የሚመረጠው። የታተመ ላሚኔትና ኤምዲኤፍ ደግሞ እንደ እንጨት አያረጁም። አዲስ ዋንዛ ጠረጴዛ ከላሚኔት ወለል ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን አድርጎ ማሠራት ለዚህ ነው ትርፉ ድካም የሚሆነው፤ ጠረጴዛው ይሄዳል፣ ወለሉ እዚያው ይቀራል። ምንጣፍ ወይም ረከቦት ከአንድ ቦታ ሳይነሳ ከከረመ ከሥሩ ያለው እንጨት በሌላ ቀለም እንደሚቀርም አትርሱ፤ በየጊዜው ቦታ አቀያይሩ።

ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። የሴራሚክ ካርቶን ላይ ከመጠኑ ሌላ የቀለም ምድብ ቁጥር አለ፤ ሁሉም ካርቶን አንድ ቁጥር መሆኑን መኪናው ላይ ሳይጫን አረጋግጡ፣ ሲሰበር የሚተካ አንድ ሁለት ካርቶንም ትርፍ ያዙ፣ ያ ምድብ ሲያልቅ አይገኝምና። ቀለሙም ከአንድ ባልዲ በላይ ከሆነ ቀቢው ባልዲዎቹን በትልቅ ዕቃ ደባልቆ ይጀምር፤ ካልሆነ የግድግዳው መሀል ላይ ልዩነቱ ይታያል። የማሽኑን የቅንብር ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

ከዚያ የማንጸባረቅ ጉዳይ አለ። ፍጹም ደብዛዛ ቀለም የስቱኮን ጉድለት ይደብቃል፣ እንጨትንም ያስከብራል፤ ነገር ግን ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት ጥግ ጭሱን ይጠጣና አይታጠብም። እዚያ አካባቢና ማዕድ ቤት ውስጥ በመጠኑ የሚያንጸባርቅ፣ በጨርቅ የሚወለወል ቀለም ይሻላል። አንጸባራቂ ዘይት ቀለም በሳሎን ግድግዳ ላይ አልመክርም፤ ወለሉም ሴራሚክ ከሆነ ሁለቱ እየተብረቀረቁ እንጨቱን ያሳንሱታል።

የኮርኒሱን ነገር ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከግድግዳው ቀለም ሩብ ያህሉን በነጭ አስበጥብጣችሁ ኮርኒሱን በዚያ ብታስቀቡት፣ ከሱቅ ተገዝቶ የሚመጣው ሰማያዊ የነካው ደማቅ ነጭ ከላይ ሆኖ የታችኛውን ሥራ ሁሉ አያበላሽባችሁም።